ከሴና ኮሰረት

ባጃጇ ከገበያው በር ተነሥታ ወደ ዓባይ ድልድይ ስትታጠፍ መዲና የቅቤውን ባልዲ በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ያዘችው። ሌሎቹ ሁለት ባልዲዎች ከእግሯ ሥር ናቸው። ከጎኗ እትዬ የብርጓል ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የሐይቁን ነፋስ በፊታቸው ይቀበላሉ። ቀኑ ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የልደት ዋዜማ ነው። ጦርነቱ ከወሎ በኩል ያፈናቀላቸው ሰዎች ዘንዘልማ ዳር ባለ ያላለቀ ፎቅ ውስጥ ከሰፈሩ አምስት ወር ሊሞላቸው ነው። ነገ ጾማቸውን የሚፈቱት በዚህ ቅቤ ነበር፤ የተረፈውንም ስንቅ አድርገው ወደተዘረፈ ቤታቸው ሊመለሱበት አስበዋል።

ቅቤው ግን ሸቷል። በባጃጇ ውስጥ ይህንን የምታውቀው መዲና ብቻ ናት።

ሾፌሩ መልካሙ አያውቅም። በዚያ ሰሞን ቤንዚን ከመንገድ ዳር በጄሪካን እየተገዛ ስለነበር የመልካሙ አፍንጫ ከቤንዚን በቀር ሌላ ሽታ መለየት ትቷል። እትዬ የብርጓልም አያውቁም። እሳቸው የማያውቁበትን ምክንያት ደግሞ ከመዲና በስተቀር የሚያውቅ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አልነበረም።

«መዲና፣ ክዳኑን አደራ» አሉ እትዬ የብርጓል። «መንገዱ ጉድጓድ ነው።»

«ይዤዋለሁ፣ እትዬ።»

«ሴቶቹ ሽንኩርቱን ከማለዳ ጀምረው እያቁላሉት ነው አሉ። ዶሮውንም አቶ አበራ ትናንት አደረሰላቸው። እንግዲህ የቀረው የኛ ቅቤ ነው።»

የኛ ቅቤ። መዲና የሻሿን ጫፍ አስተካከለች።

እትዬ የብርጓል በሹም አቦ ሰፈር አርባ ዓመት ሙሉ ቅቤ ሲያነጥሩ ኖረዋል። ሠርግ ያለበት፣ ማኅበር የደረሰበት፣ ተዝካር የሚያወጣ ሰው ሁሉ ለጋ ቅቤውን ተሸክሞ እሳቸው ግቢ ይመጣል። «የየብርጓል እጅ የነካው ቅቤ ዓመት ቢቀመጥ አይሸትም» ይባልላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሲባል እየሰሙ እንዳልሰማ ሰው ወደ ሌላ የሚያዩ ዓይነት ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩትም በዚሁ እጃቸው ነው። ቅመሙን ከመዲና ሱቅ ይወስዳሉ። መዲና ሱቁን ከአባቷ ስትረከብ ገና ልጅ እግር ነበረች፤ እሷን ያመኑ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ኮሮና ከተማውን ሲያዳርስ እትዬ የብርጓልንም ሁለት ሳምንት አስተኛቸው። ተሻላቸውና ወደ ሱቁ መጡ። አንድ ፍሬ ኮረሪማ ፈልፍለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ደገሙት፤ ሦስተኛም አስጠጉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ «ምንም አይሸተኝም» አሏት።

«ይመለሳል፣ እትዬ። የሁሉም ይመለሳል እኮ።»

«ባይመለስስ? ቅቤ አንጣሪ አፍንጫ የላትም ከተባለ ማን ቅቤውን ያምነኛል? ለሰው አትንገሪብኝ፣ መዲናዬ።»

«ወላሂ አልናገርም።»

አልተመለሰም። መዲናም አልተናገረችም፤ ያንን ቃሏን ጠብቃለች። ከዚያ ወዲህ የማንጠሪያ ቀን በሆነ ቁጥር ሱቋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ሹም አቦ ትሄድና ከድስቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። እትዬ የብርጓል በጆሮ የሚሰማውን ያውቃሉ፤ ቅቤው ጮኾ ሲፈላና ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ይለዩታል። ሊያር ሲል ግን ቅቤ ከዓይንም ከጆሮም በፊት ለአፍንጫ ነው የሚናገረው። ያን ጊዜ ወደ መዲና ያያሉ። መዲና «ደርሷል» ካለች ያወርዱታል። ሰው ያየ እንደሆነ ሁለት ወዳጆች ተቀምጠው የሚያወጉ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ኅዳር እንመለስ፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነውና።

በኅዳር መጀመሪያ ሳምንት የሰፈሩ ሰው ለተፈናቃዮቹ ለጋ ቅቤ አዋጣ። ኮሚቴውን የሚመራው አቶ አበራ ነው፤ ከአዳማ መጥቶ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆኖ የሚሠራ፣ ልቡ ደግ፣ አፉ ግን ልጓም የሌለው ሰው። እትዬ የብርጓል በነጻ ሊያነጥሩ ቃል ገቡ። መዲና ደግሞ በነጻ ቅመም ልትሰጥ።

ኮረሪማ ነበራት፤ አብሽም እርድም ነበራት። የቸገረው ኮሰረት ነው። መንገዱ በጦርነቱ ምክንያት በየቦታው ይዘጋ ስለነበር ቅጠሉ ከገበያ ጠፍቷል። በመዲና ሱቅ የቀረው አንድ ኬሻ ብቻ ሲሆን እሱንም ከመደርደሪያው ኋላ ደብቃዋለች። የመጨረሻ ልጇ ሰሚሐ ታኅሣሥ 10 ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። ከወረታ፣ ከአዴትና ከጎንደር የሚመጣ ዘመድ አለ። ቅመም ነጋዴ ልጇን ድራ ወጧ ቢነቀፍ ከዚያ በኋላ በገበያ መቀመጡ ለምኗ ነው?

ኮሰረት ቅቤን ከመሽተት የሚጠብቅ ቅጠል ነው። ኮረሪማው ለመዓዛ፣ አብሹ ለማጥራት፣ እርዱ ለመልክ ይገባል፤ ቅቤው ወራት እንዲሻገር የሚያደርገው ግን ኮሰረቱ ነው ይላሉ እትዬ የብርጓል። ከሴ ደግሞ የኮሰረት የሥጋ ዘመድ ነው። ኮሰረት በጓሮ ተኮትኩቶ ሲያድግ ከሴ ማንም ሳይዘራው በየጋራው ይበቅላል። መልካቸው ይቀራረባል፤ ተወቅጠው ዱቄት ከሆኑማ የሚለያቸው አፍንጫ ብቻ ነው። ከመሸንቲ የሚመጡ ሴቶች ከሴን ቆርጠው የሚሸጡት ጋንና ማሰሮ ለሚያጥብ ሰው ነው። ቅቤ ውስጥ የሚጨምረው ጨዋ አንጣሪ የለም።

መዲና ያን ቀን ከነዚያ ሴቶች የገዛችውን ከሴ አንሥታ ወቀጠችው።

ወትሮ ቅጠሉን እንዳለ ነበር የምትሰጣቸው። እትዬ የብርጓል የተወቀጠውን ሲያዩ «ምነው ደከምሽ፣ እኔ እወቅጠው አልነበረ?» ብለው መረቋት። በልቧ የያዘችው ምክንያት ነበራት። ሰዎቹ ተርበዋል፤ ቅቤው በደረሰ በሳምንቱ ያልቃል፤ ሳምንት ለሚቆይ ቅቤ የዓመት ቅጠል ምን ይሠራለታል? ከድስቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ የከሴው ሽታ አፍንጫዋን እየቆነጠጣት፣ «ደርሷል፣ እትዬ፤ ግሩም ሆኗል» አለች።

ኅዳር 14 ቀን አቶ አበራ ቅቤውን ሊያደርስ ዘንዘልማ ሄዶ ሦስቱን ባልዲ እንደያዘ ተመለሰ።

«ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል አሉኝ» አላት በሱቋ በር ቆሞ። «ለልደት አስቀምጡልን ብለው መለሱልኝ።»

መዲና የክርስቲያኑን ጾም ከብዙ ክርስቲያን ይልቅ ታውቃለች፤ ቅመም የምትሸጥ ሴት ጾም ገባ አልገባ ሳትል አታድርም። ቀኑን አልረሳችም። ያላሰበችው ሌላ ነገር ነው።

«ተፈናቃይም ይጾማል እንዴ?» አለችው።

«እኔም እንደሱ ብዬ ጠየቅኩ» አለ አቶ አበራ። «አንዷ ምን አለችኝ መሰለሽ? ስንራብ ጾመን፣ ስንጠግብ ልንተወው ነው ወይ አለችኝ።»

አቶ አበራ ይህን ብሎ ስቆ ሄደ። መዲና ግን ፊቷ ጋለ። እሷ ራሷ በረመዳን፣ በወባ ተኝታ እንኳ፣ አንዲት ቀን ላለማፍረስ ከሐኪም የተጣላች ሴት ናት። የሰው ሃይማኖት ከቤቱ ጋር የሚዘረፍ መስሏት ኖሯል? ያን ቀን ኮሰረቱ ገና ኬሻው ውስጥ ነበር። ቅቤውን አስመልሳ፣ እንደገና አስነጥራ፣ ነገሩን ማንም ሳያውቅ ማስተካከል ትችል ነበር። ይህን ሁሉ አሰበች። ከዚያ ሰሚሐን አሰበችና ነገ አደርገዋለሁ አለች።

ነገ ሳይመጣ ሠርጉ መጣ። የሠርጉን ቅቤ ያነጠሩት እትዬ የብርጓል ናቸው፤ ይቅርብዎ ብላ ብትለምናቸውም «ሰሚሐ ልጄ አይደለችም ወይ?» ብለው ሁለት ቀን ሙሉ እሳት ዳር ዋሉ። ያን ጊዜ የገባው ያ የተደበቀው ኮሰረት ነው። ከአዴት የመጡት አክስቷ ጣታቸውን እየላሱ «ይህን ቅቤ ያነጠረች እጅ አትድከም» አሉ። መዲና እንግዳ ልትሸኝ እንደወጣች ሰው ወደ ጓሮ ወጥታ ብቻዋን ቆመች።

ከሳምንት በፊት ደግሞ ምስር ልታስቀምጥ ቅቤው ወደተቀመጠበት የአቶ አበራ የቆርቆሮ መጋዘን ገባች። ክዳኑ ሳይከፈት ሸተታት። ሰባት ቀን ዝም አለች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ መዲና ሳይደርስ ያልፋል ብላ ጠበቀች።

ባጃጇ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመች። ዱላና የክንድ ጨርቅ የያዙ የአካባቢ ጠባቂዎች መታወቂያ ያያሉ፤ ዕቃ ይፈትሻሉ። አንድ ጎልማሳ፣ ማስኩን አገጩ ላይ ያወረደ፣ ጎንበስ ብሎ ባልዲዎቹን አየ።

«ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው፣ ልጄ። ለተፈናቃዮቹ፣ ለልደት» አሉ እትዬ የብርጓል።

«ክፈቱት።»

መዲና ክዳኑን በመዳፏ ተጭና ያዘችው። ጠባቂው ራሱ ክዳኑን ፈነቀለው። ሽታው ወጣ፤ ልብስ ላይ የቆየ ወተት የሚመስል፣ ምላስ ሥር የሚመር ሽታ። ሰውየው ፊቱን አጨማደደና ቀና አለ።

እትዬ የብርጓል በኩራት ፈገግ ብለው ያዩታል። «ሽታው እንዴት ነው ታዲያ? ኮሰረቱ አይጣራም?»

ጠባቂው አፉን ከፈተ። መዲና ከእትዬ የብርጓል ጀርባ ሆና በዓይኗ ለመነችው። እንደዚያ ሰው ለምና አታውቅም። ሰውየው ነገሩ አልገባውም፤ የአሮጊቷን ፊት አየ፣ የመዲናን አየ፣ ክዳኑን ገጠመው።

«ግሩም ነው፣ እናቴ። እለፉ።»

«እግዜር ይስጥህ!» አሉ እትዬ የብርጓል። ባጃጇ ድልድዩን ስትያያዘው ወደ መዲና ዞሩ። «አየሽ? ወንድ እንኳ ያውቀዋል።»

ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በድልድዩ ሥር ሰፍቶ ያልፋል። መዲና ወደ ውኃው አየች። አንድ የማታውቀውን ሰው አስዋሸችው፤ ከሴውን የወቀጠችው ብቻዋን ነበረች፣ አሁን ግን ውሸቱ ተባባሪ አብጅቷል። ዓባይ ማዶን አለፉ። ቤቶቹ ሳሱ፤ በየማሳው መካከል አዳዲስ የብሎኬት ግድግዳ ቆሟል። ዘንዘልማ ሊደርሱ ሩብ ሰዓት አይቀራቸውም።

አሁን ልናገር አለች በልቧ። እዚህ፣ ሰው ሳይሰማ።

«እትዬ የብርጓል...»

«ወይ?»

«አንድ ነገር ልነግርዎ...»

«እኔም ልነግርሽ ስል ነበር» አሉ እሳቸው፣ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው። ድምፃቸውን ለመልካሙ እንዳይሰማ ዝቅ አደረጉት። «ይህን ዘጠኝ ወር አንቺ ባትኖሪ ቤቴን ዘግቼ ነበር። የወለድኋት ልጅ እንዲህ አታደርግልኝም። ነገ ቅዳሴ ስቆም ስምሽን አነሣለሁ። እስላም ናት ብሎ እግዜር አይመልሰውም፣ አይደለም?»

«አይመልሰውም» አለች መዲና። ልትናገር የነበረውን ዋጠችው፤ እትዬ የብርጓልም የምትነግራቸው ነገር እንደነበራት ረስተው መንገዱን ማየት ቀጠሉ።

ያላለቀው ፎቅ ባለ ሁለት ደርብ ሲሆን በርና መስኮት የለውም፤ በየመስኮቱ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ከግቢው መካከል በሦስት ድንጋይ ላይ የተጣዱ አራት ትላልቅ ድስቶች አሉ፤ ሽንኩርቱ ቀልቶ ለቅቤ ደርሷል። ባጃጇ ስትገባ ሴቶቹ እልል አሉ። ከመካከላቸው ቀጠን ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት መጥታ የእትዬ የብርጓልን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል እሳቸው ከመሬት ሳትደርስ አነሧት።

«እናትዓለም እባላለሁ» አለች። «ወጥ ቤቱን የያዝሁት እኔ ነኝ። አንቱን ለማየት ስንት ጓጓን!»

«ጾሙን እንዴት ሰነበታችሁት፣ ልጄ?»

«ተመስገን። አርባ አራቱን ቀን ሳናጓድል አደረስነው።»

ባልዲው ተቀምጦ ተከፈተ። እናትዓለም ጎንበስ አለች፤ ጣቷን ጠለቅ አድርጋ አውጥታ አሸተተች። ከዚያ ክዳኑን፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባት እንደምትጠነቀቅ ሴት፣ ቀስ አድርጋ ገጠመችው።

«እግዜር ይስጥልን» አለች። «ብዙ ደከማችሁ።»

ሌሎቹም ተቀበሏት። «እግዜር ይስጥልን። ክፉ አይንካችሁ።» ማንም አልተነቀፈም፣ ማንም ፊቱን አላዞረም። መዲና ቢሰድቧት በወደደች። እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም፤ ጨዋነታቸውን ግን ይዘውት መጥተዋል፣ ለእሷም ለራሷ ጥፋት መሸፈኛ አድርገው ሰጧት።

«አትጨምሩትም እንዴ?» አሉ እትዬ የብርጓል። «ሽንኩርቱ ደርሷል እኮ፤ ድምፁ ይነግረኛል።»

«ይደርሳል፣ ትንሽ ይቆይ» አለች እናትዓለም፣ መሬት መሬት እያየች።

አቶ አበራ ባዶ የዶሮ ቅርጫት ይዞ ከፎቁ ጀርባ የመጣው ይኼኔ ነው። «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ባልዲውን ከፈተ፤ ከፍቶም ወደ ኋላ ተፈናጠረ። «ኧረ ይሄ ነገር ሸቷል! ማስክ አድርጌ እንኳ ሸተተኝ!»

እትዬ የብርጓል መጀመሪያ ሌላ ዕቃ የተባለ መሰላቸው። ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ገባቸው።

«የኔ ቅቤ?»

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ፤ ማንም ያረጃል። እኔ ለኮሚቴው መጀመሪያም ወጣት ይሻላል ብዬ ነበር» አለ አቶ አበራ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነት መናገር ሁልጊዜ ጽድቅ የሚመስለው ሰው ነው።

እትዬ የብርጓል ወደ መዲና ዞሩ። ዘጠኝ ወር እንደለመዱት፣ ድስት ዳር እንደሚያዩዋት አዩዋት። «መዲና፣ ሸቷል?»

«የ... የመጋዘኑ ሙቀት ይሆናል» አለች መዲና። «ቆርቆሮ ነው እኮ። ሰባት ሳምንት...»

«የኔ ቅቤ ቆርቆሮ ቤት ዓመት ተቀምጦ ያውቃል።»

እናትዓለም ባልዲው አጠገብ ተንበርክካ በጭልፋ ከሥር ጨለፈች። ከወንፊት አምልጦ የዘቀጠውን የቅጠል ዱቄት በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «እኔም አገሬ ቅቤ አነጥር ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጥፋቱ የእጅ አይደለም። እጁማ ግሩም ነው፤ እንዴት እንደጠራ አላያችሁም? ይህ ቅጠል ግን ኮሰረት አይመስለኝም፣ እናቴ። ከሴ ነው። እኛ ቤት ጋን የምናጥብበት።»

እትዬ የብርጓል ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ ነበር።

«ከሴ? ከመዲና እጅ? ልጄ፣ አንቺ እንግዳ ስለሆንሽ አልፈርድብሽም። እኔ ይህችን ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። አባቷም ታማኝ ነበር፣ እሷም ታማኝ ናት። እርጅናዬን ንገሩኝ፣ እጄ ዛለ በሉኝ፣ እሺ እላለሁ። እሷን አትንኩብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አበራ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ጻፈው፣ ለሰፈሩም ንገር።»

አርባ ዓመት ያቆዩትን ስም በሰው ፊት አውልቀው መሬት አስቀመጡት፤ ያስቀመጡትም ለእሷ ብለው ነው። መዲና ዝም ብትል ነገሩ እዚህ ያልቅ ነበር። ማንም አይጠይቃትም፤ ሱቋም ስሟም እንደነበረ ይቀጥላል። ለአንዲት ቅጽበት ይህ ሁሉ ታያት፤ መታየቱ ራሱ አስጠላት።

«ከሴ ነው» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«እውነቷን ነው። ከሴ ነው፣ እትዬ። እያወቅሁ ወቅጬ ሰጠሁዎ። እንዳይለዩት ነው የወቀጥሁት። ኮሰረት ነበረኝ፤ አንድ ኬሻ ነበረኝ። ደበቅሁዎ።»

እትዬ የብርጓል ከባጃጇ ሲወርዱ እንደያዙት ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። መዲና ይሰድቡኛል ብላ ጠበቀች፤ ለምን ይሉኛል ብላ ጠበቀች። ለዚያ የምትለው ነበራት፤ መንገድ መዘጋቱን፣ ሳምንት አይቆይም ብላ ማሰቧን፣ ነገ ነገ ስትል መቅረቷን።

«የሰሚሐስ?» አሉ እትዬ የብርጓል።

«ምን አሉኝ?»

«የሰሚሐን ቅቤ። ሁለት ቀን ያነጠርሁት። እሱስ ከሴ ነበር?»

መዲና አዎ ብትል ምንኛ በቀለላት። «እሱ ኮሰረት ነበር» አለች።

እትዬ የብርጓል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ያልገባቸው ነገር እንደተብራራላቸው ሰው። መዲና ከዚያ ቀን በኋላ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ከስድብና ከእርግማን አስበልጣ የምታስታውሰው ያንን ራስ መነቅነቅ ነው።

አቶ አበራ ግን ሊያልፈው አልቻለም። «ቆይ፣ እትዬ» አለ። «እርስዎ ታዲያ እንዴት አላሸተቱትም? ሁለቱንም ያነጠሩት እርስዎ ነዎት።»

መዲና ዓይኗን ጨፈነች። ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ፣ እሷ አፏን ስትከፍት የሳቸውንም ምሥጢር አብራ እንደምትከፍት አውቃለች። ሰባት ቀን ዝም ያለችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብላ ለራሷ ስትነግር ነበር፤ ዛሬ ምክንያት አይመስልም።

«ስለማይሸተኝ ነዋ» አሉ እትዬ የብርጓል፣ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከመጋቢት ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ሰው አምኜ ነበር የማነጥረው።»

ነበር አሉ። መዲና ያቺን ቃል ሰማቻት። ሽንኩርቱ በድስቱ ውስጥ ይንጣጣል።

«ቤት ቅቤ አለኝ» አለች መዲና በመጨረሻ። ለማን እንደምትናገር አላወቀችም። «ከሠርጉ የተረፈ፣ ለሰሚሐ አዲስ ቤት ያስቀመጥሁት። ሁለት ባልዲ ይሆናል። ክርስቲያን ነው ያነጠረው፤ ሥጋም አልነካውም። አሁን ላምጣው።»

እናትዓለም እትዬ የብርጓልን አየች። እሳቸው ከሴቶቹ መካከል አንዲት የተገለበጠች ጄሪካን ስበው ተቀምጠው ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ሰፌድ አንሥተው መላጥ ጀምረዋል።

«ታምጣው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጾመኛ ይጠብቃል እንዴ?»

መዲና ብቻዋን ሄደች። መልካሙ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እንደዚያ ዓይነት ወሬኛ ሰው ዝም ማለቱ ነገሩን ሁሉ እንደሰማ ነገራት። ቤቷ ስትደርስ ሰሚሐ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ባልዲዎቹን ስታወጣ አይታ «ማሚ፣ የኔን ቅቤ የት ነው የምትወስጂው?» አለቻት።

«ያንቺ አልነበረም» አለች መዲና፣ ሌላም አልጨመረች።

ድልድዩ ላይ ያው ጠባቂ ነበረ። ባልዲውን ከፍቶ አሸተተ፤ ዓይኑ ተከፈተ። «ይኼኛው እውነት ነው» አለና በሐዘን ዓይነት አያት። መዲና አንገቷን ደፋች።

ዘንዘልማ ስትመለስ ቀትር ሆኗል። የሸተተው ቅቤ ከግቢው ወጥቶ ተደፍቷል፤ ሦስቱ ባልዲዎች ታጥበው በፀሐይ ላይ ተደፍተዋል። እትዬ የብርጓል ከድስቱ አጠገብ፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው እሳቱን ያስቀንሳሉ፤ ሴቶቹም «እማማ፣ ይበቃዋል?» እያሉ ይጠይቋቸዋል። ማንም አፍንጫ የላቸውም ብሎ የተዋቸው የለም።

መዲና ባልዲውን ከእግራቸው ሥር አስቀምጣ ክዳኑን አነሣች። የኮሰረቱና የኮረሪማው ሽታ ጭሱን አልፎ ግቢውን ሞላው። ከልማድ ጎንበስ አለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ እንዳደረገችው ወደ ውስጥ ስባ፣ «ደህና ነው፣ እትዬ» ልትል አፏን ከፈተች።

እትዬ የብርጓል እጃቸውን አነሡ። ቁጣ አልነበረበትም።

«እናትዓለም» ብለው ወዲያ ማዶ ያለችውን ተጣሩ። «ነይ እስቲ ልጄ፣ አንቺ አሽትቺልኝ።»

እናትዓለም መጣች። መዲናን አልፋ መድረስ ስለነበረባት በሀፍረት ቆም አለች፤ መዲና ገለል አለችላት። ተንበርክካ አሸተተች።

«ኮሰረት ነው፣ እማማ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ጨምሩት» አሉ እትዬ የብርጓል፤ ሴቶቹም ጭልፋቸውን ይዘው በመዲና ዙሪያ ወደ ባልዲው መጡ።